የቆመ ወፍጮ

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ሞተሩ የነደደ፣
ባለቤቱ ትቶት ኮምቦልቻ የወረደ
አንድ ወፍጮ ቤት አለ፤
ቆርቆሮው የላላ፣ በሩ ያዘነበለ።
ክረምቱን በሙሉ እዚያ ነው የከረምነው።

ሙሄ መበየጃውን ከጋራዥ አምጥቶ፣
አሊጋዝ ማሲንቆ ከከረጢት አውጥቶ፣
ደርብ ከሰልና ጀሶ በስልቻ፣
ዘሀራ ባዶ እጇን፣ ትከሻዋን ብቻ፤
እኔ ደግሞ አርባ ስንኝ፣ እንደ ደመወዝ ቆጥሬ፣
ከደረት ኪሴ ቋጥሬ።

የቀበሌው ጸሐፊ ቅጹን ዘረጋና
«ቴአትር ነው?» አለን። አይደለም።
«ዘፈን?» እሱም አይደለም።
«ስዕል ነው? ስብሰባ?»
ደርብ ሲያስረዳ ቆየ፣ እጁን እያወናጨፈ፤
ሰውዬው ሰለቸውና «ልዩ ልዩ» ብሎ ጻፈ።
ስማችን በዚያው ጸና።

በመጀመሪያው ማታ አርባውንም አነበብኩ።
ዘሀራ «ቆይ» አለች፣ «ይቺን ስንኝ ተዋት፤
አንተ ስታወራት አንሳብህ አየኋት።»
አንድ ጊዜ ሰበቀች፤
በሦስት መስመር ያሰርኩት ሐዘን
ከልብስ እንደተራገፈ አቧራ ብን አለ።
ሙሄም የወፍጮውን ጎሮሮ በመዶሻ መትቶ
«አራቱ እዚህ አሉ» አለኝ፣ ፈገግታውን ገትቶ።
የአሊጋዝስ ባሰ!
ባቲ አልል፣ አምባሰል አልል፣ ቅኝት ሁሉ አስጠልቶት
ደጋኑን በሞተሩ ቀበቶ ላይ ሳበው፤
ጥጃዋ የሞተባት ላም ድምፅ ነው የወጣው።
ሰባት ስንኝ ቀረኝ። በሳምንቱ ሦስት።
ደርብ ደግሞ ግድግዳው ላይ የጻፍኳትን ቃል
በጀሶ ሸፈናት፤
ባዶ ጆንያ ሣለባት።

ተናድጄ ወጣሁ።
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ውጦታል፣
የባጃጁ መብራት ወተት ውስጥ እንደገባ ዝንብ ይንፈራገጣል።
«ቃል የሌለው ገጣሚ፣ እህል የሌለው ወፍጮ!»
እያልኩ ቧንቧ ውሃ ስደርስ ዶፉ ወረደብኝ፤
ጃንጥላዬን ረስቻለሁ።
ለጃንጥላ ብዬ ነው የተመለስኩት፣ ለእነሱስ አልነበረም።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ።
ዘሀራ ሰበቀች። ሙሄ መታ። አሊጋዝ ሳበ።
ከዚያ ሁሉም ቀጥ አሉ።
የመጀመሪያዋ ስንኜ ከነበረችበት ቦታ፣
እሷ በምትፈጀው ልክ፣ አንዲት ትንፋሽ ሳይሸራርፉ፣
ዝም ብለው ቆሙላት፤
ለአስከሬን መንገድ እንደሚለቅ ሰው፣ እስክታልፍ ጠበቋት።

ጃንጥላውን አላነሳሁም። ገባሁ።

በትዕይንቱ ዕለት ሃያ ሦስት ሰው መጣ፣
ግማሹ ዝናብ ሽሽት።
እኩሌታው ላይ ስንደርስ በሩ ሲጢጥ አለ፤
እትዬ ሸምሲያ፣ ከገራዶ ማሽላ ተሸክመው፣
መብራት አይተው፣ የብረት ድምፅ ሰምተው፣
«አልሃምዱሊላህ! ወፍጮው ተሠራ?» አሉን።

ሕዝቡ የእኛ መስሎት ትንፋሹን ዋጠ።
የሙሄ ብልጭታ ጠፋ።
የዘሀራ ትከሻ እንደተነሳ ቀረ።
«የለም» ለማለት ማናችን እንድፈር?
እሳቸው ቁመታችንን አይተው ሰልፍ መሰልናቸው፤
ጆንያውን ከመሃላችን አውርደው፣
ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው፣
«መግሪብ ሰግጄ ልምጣ፣ ተራዬን ያዙልኝ» ብለው ወጡ።

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው።
አንድ ጋዜጠኛ ነኝ ባይ እጄን ጨብጦ
«ያቺን መስመር ማን ጻፋት?» ሲለኝ ዝም አልኩ።
በአርባ ስንኝ ስዞር ያልደረስኩባትን
ሴትዮዋ በር ላይ ጥላት ሄደች።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሰዎቹ ሲበተኑ
አምስታችን አንድ ጆንያ ተጋግዘን፣
ሆጤ፣ ማታ የሚፈጭ ወፍጮ ዘንድ ሄደን ተሰለፍን፤
አሊጋዝ ማሲንቆውን ባንገቱ፣
ዘሀራ እግሯ ጭቃ፣
የደርብ ፊት እንደ ባለ ወፍጮ ነጭ።

«የማን ነው?» አለ ፈጪው፣ ከጩኸቱ በላይ።
«የልዩ ልዩ!» አለ ደርብ።
ሰውዬው አልሳቀም። ሚዛኑን አየ፣
ወደ ጎሮሮው ገለበጠው።

እኔ ከታች ነበርኩ፣ ጆንያውን ገልጬ ይዤ፤
ዱቄቱ እጄ ላይ ሲወርድ ይሞቅ ነበር።